በካርታው ላይ ብቻ ስላለፈው አራት ቁጥር አውቶቡስ

ይድረስ ለክቡር የዩኒቨርሲቲው የትራንስፖርት አገልግሎት ኃላፊ
ግልባጭ፦ በየፌርማታው ቆሞ ስክሪን ለሚያይ ሰው ሁሉ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እግርዎ ደህና እንደሚሆን አልጠራጠርም፣ ፌርማታ ላይ ቆሞ አያውቅምና። ዓይንዎም ደህና ይሆናል፤ ቢሮዎ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ትልቅ ስክሪን አውቶቡሶቹ ሁሉ አረንጓዴ ሆነው ሲሄዱ እያየ የሚውል ዓይን ምን ይነካዋል? ቤተሰብዎን፣ ጸሐፊዎን፣ ያንን ስክሪን በየጠዋቱ የሚወለውልልዎትን ሰው ጭምር ፈጣሪ በጤና ያቆይልዎ።

እኔ በላይኛው ግቢ የቤተ ሙከራው ሕንጻ ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል። ካርታው በተመረቀ ዕለት በእንግዶች ፊት አቁመውኝ፣ «እኚህ እናት በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ፊደል ቆጥረው፣ ዛሬ የእኛን ካርታ ያነባሉ» ብለው ያስጨበጨቡልኝ ሴትዮ ነኝ።

ለእርስዎ ስጽፍ ይህ ሁለተኛ ደብዳቤዬ ነው። የመጀመሪያውን በሦስት መስመር ጽፌ ከስምሪት ቢሮው በር አጠገብ በተሰቀለው የአስተያየት ሳጥን ውስጥ ከትቼው ነበር። እርስዎም በማግስቱ አውጥተው ሥራ ላይ አዋሉት። ስለዚህ ፍጥነት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የሕንጻችን ቧንቧ ያፈሳል ብለን ለዓመታት ስናመለክት ያላየነውን ትጋት፣ አንድ ሹፌር ለመቅጣት ሲሆን አየነው። ያ ደብዳቤ ግን ውሸት ነበር። ሳላውቅ ጻፍኩት ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ የሚያሳፍረኝ ግን ግማሹን አውቅ ስለነበር ነው።

ቢሮዎ በቁጥር ያልተለየ ነገር አያነብም ስለተባልኩ፣ ነገሩን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ምረቃው ዕለት።

ካርታው እንዴት እንደሚሠራ እርስዎ በንግግርዎ ሲያስረዱ እኔ አልገባኝም ነበር፤ በኋላ ያስረዳችኝ ካርታውን የሠራችው ወጣት መምህርት ናት። በየአውቶቡሱ ዳሽቦርድ ሥር የልብስ ሳሙና የምታህል ጥቁር ሳጥን ተለጥፋለች። ሳጥኗ ውስጥ እንደ ስልክ ሲም ካርድ አለ። በየአሥር ሰከንዱ «እዚህ ነኝ» ብላ ትልካለች፤ እኛም በፌርማታው ስክሪንና በስልክ ላይ ነጥቡ ሲንቀሳቀስ እናያለን፣ ስንት ደቂቃ እንደቀረውም እናነባለን። ነገሩ ይኸው ነው፤ የእርስዎ ንግግር አርባ ደቂቃ ፈጅቶ ነበር።

በዚያ ዕለት አውቶቡሶቹ ሁሉ ታጥበው፣ ሪባን ታስሮላቸው፣ ሞተራቸው ጠፍቶ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ተደርድረው ነበር። ስክሪኑ ላይ ግን ሁሉም ይሄዳሉ። እርስዎ ትከሻዬን ይዘው «ያንብቡልን» ሲሉኝ፣ እኔ በአዲስ ነጠላዬ ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ «መስመር አራት፣ ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል» ብዬ አነበብኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከእንግዶቹ ጀርባ በመስኮቱ በኩል አራት ቁጥር ቆሞ ይታየኝ ነበር። ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ በሳቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

አየሁት። አይቼውም ዝም አልኩ። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በዓይኔ ስላየሁት ነገር ያጨበጨበልኝ ሰው አልነበረም፤ ላነበብኩት ግን አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የትኛውን ማመን እንዳለብኝ የወሰንኩ ይመስለኛል። ለዚህ ትምህርትም አመሰግንዎታለሁ።

2ኛ. ስለ አራት ቁጥር ሹፌር።

ክቡርነትዎ ይህን ሰው የሚያውቁት በመዝገብ ቁጥር ስለሚሆን፣ እኔ እንዴት እንደማውቀው ልንገርዎ።

በታችኛው በር ፌርማታ አራት መስመሮች ይቆማሉ። አውቶቡሶቹ ሁሉ ነጭ ናቸው፣ ሁሉም ወገባቸው ላይ ሰማያዊ መስመር አላቸው፤ የሚለያቸው ግንባራቸው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥር ለማያነብ ሰው ያ ፌርማታ ምን እንደሚመስል ፊደል በልጅነት የቆጠረ ሰው አያውቀውም። እኔ ከጎኔ የቆመውን ሰው «መነጽሬን ረስቼው ነው፣ የትኛው ነው የመጣው?» እል ነበር። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። አንዳንድ ቀን የምጠይቀው ሰው ሲጠፋ በመጣው ተሳፍሬ የማልፈልገው ቦታ ወርጃለሁ፤ ከዚያ በእግሬ ተመልሻለሁ።

ይህ ሹፌር እዚህ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነቃብኝ። ምንም አላለኝም። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ግን ወደ ፌርማታው ሲጠጋ ሁለት ጊዜ አጠር አድርጎ ክላክስ ያደርጋል። ሰው ሁሉ የሹፌሩ አመል ይመስለው ነበር። አንዳንዱ ተማሪ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ያለ ክላክስ አይሆንለትም» እያለ ይስቅበታል። እሱ ይሳቅብኝ ብሎ እኔን ሸፈነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ቁጥር አለማወቄን ከእሱ በቀር በዚያ ፌርማታ ማንም አላወቀብኝም።

የጎልማሶች ትምህርቱን ስጨርስ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ፣ «ከእንግዲህ አትድከም፣ ቁጥሩን አነበዋለሁ» አልኩት። «እንኳን ደስ ያለዎት እትዬ! እጄ ግን ለምዶብኛል፣ ይፍቀዱልኝና ልቀጥል» አለኝ። ቀጠለም። ያለ ሁለቱ ክላክስ በዚያ ፌርማታ አልፎ አያውቅም። ይህችን ነገር እባክዎ ይያዙልኝ፤ ቀጥሎ ታስፈልገናለች።

3ኛ. ስለ ዝናቡ ጠዋት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ትንሽ አለፍ ሲል ፌርማታው ደረስኩ። ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ስክሪኑ «መስመር 4፣ 9 ደቂቃ» ሲል አየሁና፣ ጊዜ አለኝ ብዬ ከመጠለያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመርኩ። ግራጫ ድመት የጠፋችባቸው ሰዎች የለጠፉት ነው። ክቡርነትዎ ይህን በአንድ እይታ ያነቡታል፤ እኔ ግን ጣቴን ከቃሉ ሥር እያስኬድኩ ነው የማነበው። «ስለ ትብብርዎ» የሚለው ላይ ስደርስ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ጨርሼ፣ በራሴም ደስ ብሎኝ ዞር ስል ስክሪኑ «መስመር 4፣ አልፏል» ይላል።

ጀርባዬን ሰጥቼ ስለነበር አላየሁትም። ያን ያህል አውቶቡስ ከኋላዬ ሲያልፍ ውኃ ሊረጨኝ፣ መሬቱ ሊሰማኝ ይገባ ነበር። ክላክስም አልሰማሁም። ያለ ክላክስ እንደማያልፍ ደግሞ አውቃለሁ። አልፏል የሚል ነገር ግን ተጽፎ አየሁ። ከዚያ ያደረግኩትን እነሆ፤ ክላክስ ያልሰማሁት አውቶቡሱ ስላልመጣ ነው ማለት ሲገባኝ፣ «ቁጥር አነባለሁ ስላልኩት ተቀይሞኛል፣ አውቆ ጥሎኝ ሄደ» አልኩ።

ቀጣዩን አውቶቡስ ጠብቄ አርባ ደቂቃ አርፍጄ ደረስኩ። ተቆጣጣሪያችን ስልኳን አውጥታ፣ «ምን ሰበብ ያበዙብኛል? አራት ቁጥር በሰዓቱ አልፏል፣ ይኸው» አለችኝና እንዳረፈድኩ መዘገበችብኝ። በምሳ ሰዓት የመወልወያ ዕቃ ማስቀመጫችን ውስጥ ባልዲ ደፍቼ፣ እሱ ላይ ተቀምጬ፣ በሕይወቴ የመጀመሪያ የሆነውን ደብዳቤ ጻፍኩ። እንዲህ ይላል፦ «የአራት ቁጥር ሹፌር ቆሜ እያየኝ ጥሎኝ አልፏል። ነገም በሌላው ላይ ይህን ስለሚያደርግ እርምጃ ይወሰድበት።» ከሥሩ ፈረምኩ። የጣት አሻራ አይደለም፣ ፊርማ። አንድ ወር የተለማመድኩትን ፊርማ።

የሥራ ባልደረባዬ አጠገቤ ቆማ ነበርና ሳነብላት፣ «ክላክሱን ሰማሽ?» አለችኝ። «ዝናብ ነበር» አልኳት። «ሲያልፍስ አየሽው?» አለች። «ተጽፎ ነበር አልኩሽ እኮ!» ብዬ ጮህኩባት። እሷም መጥረጊያዋን አንስታ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ፊደል ሲሰጡሽ ዓይንሽን አስረክበሽ ነው እንዴ የመጣሽው?» ብላኝ ወጣች። ቀናችብኝ አልኩ። «እያየኝ» የምትለዋን ቃል ከየት እንዳመጣኋት እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ጀርባዬን የሰጠሁ ሰው ማን እንዳየኝ በምን አውቃለሁ?

4ኛ. ስለ ዲሲፕሊን ኮሚቴዎ።

ሹፌሩ ከጋራዥ ባዶውን ሲወጣ፣ ከውኃ ታንከሩ በታች ያለው ኩርባ ላይ ጎማ ፈነዳብኝ፣ በዝናብ ብቻዬን ጎማውን በስኮርታ ስቀይር ነበር፣ ታችኛው በር ገና አልደረስኩም ብሎ አስረድቷል። ኮሚቴው በበኩሉ አንድ ወረቀት አቀረበ። የካርታው ሥዕል ነው፤ አራት ቁጥር ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ሰባት ላይ ታችኛው በር ቆሞ ያሳያል። ቀጥሎ የእኔን ደብዳቤ አቀረበ። «ካርታውም ይላል፣ ተሳፋሪዋም ይላሉ፤ አንተ ብቻህን ነህ» ተባለ። የተቀየረውን ጎማ ሄዶ ለማየት የተነሳ ሰው የለም፤ ጋራዡ ደግሞ ከስብሰባ አዳራሹ መንገድ ተሻግሮ ነው። ከመሪው አንሥተው አውቶቡስ አጣቢ አደረጉት። የፊታችን ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ከሥራ ይባረር አይባረር የሚለው ይወሰናል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የነዳ ሰው ነው።

5ኛ. ስለ ካርታው ጥገና።

ካርታውን የሠራችውን መምህርት ቢሮ የማጸዳው እኔ ነኝ። ክቡርነትዎ፣ እንዴት እንደገባሁ ይስሙልኝ። እየተንጎራደድኩ ገባሁና፣ «ልጄ፣ ካርታሽ አንድ ዋልጌ ሹፌር አስያዘልን!» አልኳት። እንድታመሰግነኝ ነበር የጠበቅኩት። የትኛው አውቶቡስ፣ የትኛው ቀን ብላ ጠየቀችኝና ኮምፒውተሯን ከፈተች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ፊቷ ተለዋውጦ፣ «እማማ፣ ይሄ እኮ አውቶቡሱ አይደለም። ግምት ነው» አለችኝ።

የአራት ቁጥር ሳጥን በመጨረሻ «እዚህ ነኝ» ያለችው አሥራ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ ነው፤ ቦታው ከውኃ ታንከሩ በታች ያለው ኩርባ። ጎማው ሲፈነዳ አውቶቡሱ ተንገጫግጮ ሽቦዋ ላልቷል። እንደገና የተሰማችው አንድ ሰዓት ከአሥራ ስምንት ላይ ነው፤ ያኔም እዚያው ኩርባ ላይ ናት። በመካከሉ ያየነው አረንጓዴ ነጥብ ካርታው የጊዜ ሰሌዳውን እያየ በራሱ የሳለው ነው። እኔ ስለ ድመቷ ሳነብ ከኋላዬ ያለፈው እሱ ነበር።

መምህርቷ ካርታውን በመጀመሪያ ስትሠራው እንዲህ አልነበረም። ሳጥኗ ዝም ስትል ነጥቡ ግራጫና ባዶ ክብ ሆኖ፣ ከሥሩ «ከዚህን ያህል ደቂቃ በፊት የታየ» ይል ነበር። ከምረቃው አንድ ሳምንት በፊት ከቢሮዎ ባለ አንድ መስመር ትእዛዝ መጣላት፤ አሳይታኛለች፣ ራሴ አንብቤዋለሁ። «ለእንግዳ ባዶ ክብ ማሳየት ስለማይገባ ሁሉም አረንጓዴ ይሁን» ይላል። ከምረቃው በኋላ ወደ ነበረበት ይመለስ ብላ ሦስት ጊዜ ጽፋለች። ከአሥራ አራቱ ሳጥኖች አምስቱ ስለተበላሹ ይተኩልኝ ብላም ጽፋለች። መልስ ስላላገኘች በዕረፍት ቀኗ ካቻቢቴና ፕላስተር ይዛ፣ ጋራዥ ገብታ፣ ዳሽቦርድ ሥር በጀርባዋ ተኝታ ሽቦ ታያይዛለች። ለሠሪዋ ሪባን የተቆረጠላት አንድ ቀን ነው፤ ጠጋኟን ግን አንድም ቀን አላያችኋትም። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ለማስታወስ ያህል ነው።

ለዲሲፕሊን ኮሚቴው ወረቀቱ ሲቀርብ እሷን የጠየቃት የለም፤ ጸሐፊዎ ከስክሪኑ ላይ አትማ ሰጠች። መምህርቷ ይህን የሰማች ዕለት ሁለት ጊዜ ወደ ቢሮዎ ብትሄድ፣ ስለ ካርታው ገለጻ ሊያደርጉ ወደ ሌላ ከተማ ሄደዋል ተባለች። መንገዱ እንደተመቸዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

6ኛ. ስለ ራሴ።

አምስቱን አቤቱታ ለእርስዎ ጻፍኩ፤ ይህኛው በእኔ ላይ ነው።

ከመምህርቷ ቢሮ እንደወጣሁ ባልዲዬን ኮሪደሩ ላይ ትቼ ጋራዥ ሄድኩ። ቦት ጫማ አድርጎ በጎማ ቱቦ የሁለት ቁጥርን ጎማ እያጠበ አገኘሁት። «እትዬ፣ ውኃው ይረጭዎታል፣ በዚህ በኩል ይምጡ» አለኝ። በመንገድ ላይ ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። «ያንን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት። «አውቃለሁ፣ አሳይተውኛል» አለ። ቱቦውን አጥፎ ውኃውን አቆመና ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «እጅ ጽሕፈትዎ ግን እንዴት ያምራል፣ እትዬ። ለልጆቼም በዚህ ዕድሜ የተጀመረ ጽሕፈት እንዲህ ይሆናል ብዬ ነገርኳቸው» አለኝ።

ሊወጋኝ ብሎ አይደለም፤ ፊቱን አይቼዋለሁ። ቢሰድበኝ እችለው ነበር።

«እኔ እኮ የተቀየምከኝ መስሎኝ ነው፣ ክላክስ ስላላደረግክ» አልኩት። ሳቀ። «እንዴት አድርጌ ላድርግልዎ? ጎማ ሥር ተጋድሜ ነበር እኮ!» አለ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አለማወቄን አሥራ አንድ ዓመት የሸፈነልኝ ሰው ላይ፣ ባወቅኩ ማግስት የጻፍኩት የመጀመሪያ ነገር ክስ ሆነ። ማንበብ ባልማር ኖሮ ዛሬ እሱ መሪው ላይ ነበር ብዬ እስከ ማሰብ ደርሻለሁ። ይህን ሐሳብ ግን ለእርስዎ አልተውልዎትም፤ ፊደሉ ምንም አላደረገም። ክላክሱን አልሰማሁም፣ አውቶቡሱንም አላየሁም ብዬ ሦስት መስመር መጻፍ እችል ነበር፤ ቃሎቹ ሁሉ ተምሬአቸዋለሁ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው ይህ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ከሹፌሩ ፋይል ውስጥ እንዳይወጣ፤ እንዲወጣማ ብጠይቅ ራሴን ማዳኔ ነው። እዚያው ይቆይና ይህኛው ከላዩ ይያያዝ፤ የከፈተ ሁሉ ሁለቱንም ያንብብ። ከእሱ ሥር መምህርቷ ከኮምፒውተሯ አውጥታ የፈረመችበት ወረቀት ይግባ፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አንድ የሚለው። ግራጫው ክብ ወደ ካርታው ይመለስ። አላውቅም የሚል ስክሪን ቢያሳፍርዎት፣ አላውቅም ማለት እኔንም ዕድሜዬን ሙሉ ሲያሳፍረኝ ነበርና እረዳዎታለሁ። እኔ አላውቅም ብዬ በቆምኩባቸው ዓመታት ግን ማንም ከሥራው አልተባረረም።

ይህን ደብዳቤ በአስተያየት ሳጥንዎ ውስጥ አልከተትኩትም። አሥራ ሁለት ጊዜ በእጄ ገልብጬ በአሥራ ሁለቱ ፌርማታዎች ከስክሪኖቹ ሥር ለጥፌዋለሁ። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ጊዜ አለው፤ አንዳንዱም እንደ እኔ ጣቱን አስኪዶ ያነበዋል። ታችኛው በር ላይ የለጠፍኩት ከድመቷ ማስታወቂያ ጎን ነው።

ለሰጡኝ ጭብጨባ፣ ለደብዳቤዬ ላሳዩት ፈጣን ምላሽ፣ ከእኔ ዓይን ይልቅ በእኔ ፊርማ ላይ ለጣሉት እምነት ጎንበስ ብዬ እያመሰገንኩ፣ የክቡርነትዎ ስክሪን ለምልሞ እንዲኖር ከልብ እመኛለሁ።

ካስጨበጨቡላት የላይኛው ግቢ የቤተ ሙከራ ሕንጻ ጽዳት ሠራተኛ፤ ፊርማዬ ፋይልዎ ውስጥ ስላለ ያመሳክሩት።

ማሳሰቢያ፦ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ይህንኑ በቃሌ እናገራለሁ። አራት ቁጥርን ሌላ ሰው ስለሚነዳው በእግሬ ነው የምመጣው። ደርሼ እንደሆነ ለማወቅ ሲፈልጉ፣ አደራዎን ስክሪኑን አይመልከቱ፤ ሰው ልከው በሩን ያስከፍቱልኝ።